ሦስት ጥርስ፣ ሦስት ዓይነት የሩት ካናል ሙሌት፦ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ዓመት በኋላ እንዴት ሆኑ

ሩት ካናል ያሠራ ሰው አስተያየት የሚጽፈው ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ነው፣ አመመኝ አላመመኝም፣ እጇ ቀላል ነው፣ ብዙ አስጠበቁኝ ምናምን። እሱም አይጠላም፣ ግን ሥሩ ውስጥ የገባው ሙሌት ሥራውን ሠራ አልሠራም የሚለው በሳምንት አይታወቅም፣ በስድስት ወርም በደንብ አይታወቅም። እኔ አፌ ውስጥ ሦስት ሩት ካናል አለኝ፣ ሦስቱም በተለያየ ዘዴ የተሞሉ ናቸው፣ አንዱ 12 ዓመት ሆነው፣ አንዱ 8፣ አንዱ 4። የሦስቱንም ራጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጬዋለሁ፣ አሁን ይሄን ስጽፍም ፊቴ ዘርግቼ እያየሁት ነው። የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ሦስተኛው ጥርሴ ሲበላሽብኝ በጣም አዝኜ ማንበብ ጀመርኩ፣ ጥናቱንም ሐኪሞቹንም እየጠየቅኩ እስካሁን አላቆምኩም፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም ቢልባችሁ ታገሡኝ።

ለማታውቁት ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከዛ ልጀምር። ጥርስ መሀሉ ላይ ነርቭና ደም ስር ያለበት ለስላሳ ነገር አለው፣ እሱ በቀጫጭን ቦዮች እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። ጥርሱ ተበልቶ ጀርም እዛ ከደረሰ ነርቩ ይቆጣል፣ ከዛ ይሞታል፣ ከሞተ በኋላ ቦዩ የባክቴሪያ ቤት ይሆንና በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለው አጥንት እየተበላ ይሄዳል፣ ራጅ ላይ የሥሩ ጫፍ ላይ እንደ ጥላ ጠቆር ብሎ የሚታየው እሱ ነው። ሩት ካናል ማለት ይሄን ውስጡን ጠርጎ አጥቦ ባዶውን ቦታ መድፈን ነው። መድፈኛው ጋታ ፐርቻ የሚባል ሮዝ ቀለም ያለው ቀጭን ዘንግ ነው፣ ስሙ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ወተት የመጣ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባሕር ሥር የሚዘረጋውን የቴሌግራፍ ገመድ ውሃ እንዳይገባው የሸፈኑት በዚሁ ነገር ነበር። ዛሬ ጥርስ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ግን ከአምስት እጅ አንድ እጁ ገደማ ብቻ ነው ጋታ ፐርቻ፣ አብዛኛው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ብቻውን ደግሞ ግድግዳው ላይ አይጣበቅም፣ ስለዚ ሲለር የሚባል እንደ ሊጥ ያለ ነገር አብሮት ይገባል። ዘዴዎቹ የሚለያዩት እነዚህን ሁለቱን እንዴት እናጭቃቸው የሚለው ላይ ነው።

አንደኛው ጥርስ። ታች በቀኝ በኩል ያለው ትልቁ መንጋጋ፣ የዛሬ 12 ዓመት። ትኩስ ነገር ሲነካው ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ይወጣና ለደቂቃዎች አይለቀኝም ነበር፣ ሌሊት ጋደም ስል ይብሳል፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው የሄድኩት። ዶክተሩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ራጁን አይተው አይዞሽ ልጄ ነርቩ ተቆጥቷል እንጂ ገና አልሞተም፣ በጊዜ ነው የመጣሽው አሉኝ። ያኔ ይሄ አባባል ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ እመለስበታለሁ።

የሞሉት በቀዝቃዛው ዘዴ ነው፣ ላተራል የሚሉት። መጀመሪያ ለቦዩ ልክ የሆነውን ዋናውን ዘንግ ሲለር ቀብተው አስገቡ፣ ከዛ ስፕሬደር የምትባል ሹል መርፌ መሳይ ነገር ከጎኑ ገፋ አድርገው አስገብተው ዘንጉን ወደ ግድግዳው ይጫኑታል፣ ሲያወጧት የቀረችው ክፍተት ውስጥ ሌላ ቀጭን ዘንግ ይገባል፣ እንደገና ስፕሬደር፣ እንደገና ዘንግ። አንዱ ሰፊ ቦይ ውስጥ ሰባት ቆጠርኩ። ማደንዘዣው ስለያዘኝ ሕመም የለውም ግን ያ ግፊት አጥንት ድረስ ይሰማል፣ ነርሷ ዘንጎቹን ባንድ ባንድ በፒንሴት እያቀበለቻቸው ዝም ብለው ነው የሚሠሩት፣ መጨረሻ ላይ አፉ ላይ የተረፈውን የዘንጎች ጫፍ በጋለ ብረት ሲቆርጡት ትንሽ ጭስ ወጣና የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ሁለት ቀጠሮ ፈጀ። ሲጨርሱ ጣታቸውን ቀስረው ክራውን፣ ጥርሱን ከላይ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ቆብ፣ ሳታሠሪ ከወር በላይ እንዳትቆዪ፣ ይሄ የለፋሁበት ሁሉ ከላይ ካልተከደነ ዋጋ የለውም አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት አሠራሁ።

12 ዓመት ሆነው። ባለፈው የተነሳው ራጅ ላይ ሥሩ ዙሪያ ያለው አጥንት ጥርት ያለ ነው፣ ሙሌቱ ከጫፉ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው የቆመው፣ ከመጀመሪያው ራጅ ጋር ጎን ለጎን ሳደርገው ልዩነት አላገኘሁበትም። በዚህ ጥርስ ጠንካራ ነገር አኝካለሁ፣ ሩት ካናል መሆኑን እረሳዋለሁ።

ቀዝቃዛው ዘዴ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ዘንጎቹ አንድ ላይ አይዋሃዱም፣ ቦዩ በመጋዝ ተቆርጦ ቢታይ ብዙ ክቦች ተደርድረው በመሀላቸው ሲለር ነው ያለው፣ የጎን ቅርንጫፎችን አይሞላም፣ ሐኪሙ ስፕሬደሩን ከልክ በላይ ከገፋ ሥሩን ሊሰነጥቅ ይችላል ይባላል። ጥሩ ጎኑ ደግሞ ዘንጉ የት እንደሚቆም ሐኪሙ መቆጣጠር መቻሉ ነው፣ ከጫፍ ዘልሎ የመውጣት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ለዚህም ነው አዲስ ዘዴ ሲመጣ ሁሉ አሁንም ድረስ ከዚህ ጋር የሚወዳደረው።

ሁለተኛው ጥርስ። ላይ በግራ፣ የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ፣ 8 ዓመት ሆነው። ይሄኛው አንድ ቀንም አሞኝ አያውቅም። ለሌላ ጥርስ ራጅ ስነሳ ነው የአንዱ ሥር ጫፍ ላይ የክብሪት ራስ የምታክል ጥቁር ጥላ የታየችው፣ ነርቩ መቼ እንደሞተ እንኳ አላውቅም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ ይሄ ጥርስና የመጀመሪያው ጥርስ ከመነሻቸው እኩል አይደሉም። ስዊድን ውስጥ ሾግረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያወጡት ጥናት አለ፣ 356 ሰዎችን ከ8 እስከ 10 ዓመት ተከታትለው ነው፣ ከመጀመሪያው ጥላ ያልነበራቸው ጥርሶች ላይ ከ96 በመቶ በላይ ተሳክቷል፣ ነርቩ ሞቶ ጥላ የነበራቸው ላይ ግን 86 በመቶ፣ አንዴ ተሠርቶ ጥላ ይዞ እንደገና የተሠራ ከሆነ ደግሞ 62 በመቶ። ማለትም ሐኪሙ የትኛውንም መድፈኛ ከመምረጡ በፊት የጥርሱ ዕድል ግማሹ ቀድሞ ተጽፏል ማለት ይቻላል። በጊዜ ነው የመጣሽው ያሉኝ ሽማግሌው ዶክተር ይሄን ነበር የሚሉኝ።

ይሄን የሠራችው በሩት ካናል ብቻ ስፔሻላይዝ ያደረገች ሐኪም ናት። ላስቲኩን፣ ራበር ዳም የሚባለውን፣ ጥርሱ ላይ ብቻ በክላምፕ ወጥራ ሌላውን አፌን ሸፈነችው፣ ማይክሮስኮፑን አወረደች፣ ከዛ አንድ ሰዓት ከምናምን ሙሉ የጠረገችና ያጠበች ነው። የላይኛው መንጋጋ ላይ ብዙ ጊዜ አራተኛ ቦይ ተደብቆ ይገኛል አለችኝ፣ ፈልጋም አገኘችው፣ አገኘሁት ስትል ድምጿ ውስጥ የነበረው ደስታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የሚታጠበው በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፣ በረኪና ውስጥ ያለው ራሱ ነገር ማለት ነው፣ ሽታው ከላስቲኩ በላይ ይመጣል። ለምን ይሄን ያህል ታጥቢዋለሽ ስላት ፋይሉ፣ ቦዩ የሚጠረግበት ቀጭን ብረት፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ አይደርስም አለችኝ። በኋላ ሳነበው እውነትም በማይክሮ ሲቲ፣ ጥርሱን በሁሉም አቅጣጫ አጉልቶ በሚያሳይ ራጅ፣ የተሠሩ ጥናቶች ብረቱ የቦዩን ግድግዳ ሲሶ የሚሆነውን ወይም ከዛ በላይ ሳይነካው እንደሚያልፍ አሳይተዋል፣ እዛ የሚደርሰው ፈሳሹ ብቻ ነው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ጀርም የሚገድል ጊዜያዊ መድኃኒት አስቀምጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጠረችኝ።

በቀጠሮዬ የሞላችው በሙቀት ነው፣ ዋርም ቨርቲካል። ይሄን ዘዴ ታዋቂ ያደረገው ኸርበርት ሺልደር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1967 ቦዩ በሦስቱም አቅጣጫ መሞላት አለበት ብሎ ጽፎ ነው። አንድ ዘንግ ይገባል፣ ከዛ በኤሌክትሪክ የሚግል ጫፍ ያለው መሣሪያ ዘንጉን እያቀለጠ ይወርዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ 200 ዲግሪ ላይ ነው የሚደረገው፣ ግን የሚነካው ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ምክንያቱም የሥሩ ውጪኛው ገጽ ሙቀት ከነበረው ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ ከጨመረ አጥንቱ ሊጎዳ ይችላል። ከዛ ለስላሳ ሆኖ የቀረውን ጫፉ በደነዘ ብረት ወደ ታች ትጫነዋለች፣ የቀለጠው ጋታ ፐርቻ ወደ ጎን ቅርንጫፎችም ይገባል። መጨረሻ ላይ ከላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሽጉጥ ከመሰለ ነገር በተንጠባጠበ የቀለጠ ጋታ ፐርቻ ትሞላዋለች። አንዴ ስትጫነው ማደንዘዣውን አልፎ ስውር የሆነ መወጋት ተሰማኝ፣ ይቅርታ ሲለሩ ትንሽ ወጣ አለችኝ፣ ያቺ የወጣችው ሲለር በራጁ ላይ ከሥሩ ጫፍ ውጪ እንደ ነጭ ነጥብ ሆና ትታያለች።

ከዛ በኋላ አምስት ቀን ስነክስበት ያመኝ ነበር፣ ያው በስድስተኛው ቀን ለቀቀኝ። ግን ትልቁ ፈተና እሱ አይደለም፣ ትልቁ ፈተና መጠበቁ ነው። በስድስት ወሩ ራጅ ጥላዋ ያው ናት፣ አላማረኝም፣ ቤቴ ሄጄ አላስቻለኝም ደውዬ ይነቀል እንዴ ብዬ ጠየቅኳት። ታገሺ አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚተካው አለችኝ። በዓመቱ ጥላዋ ግማሽ ሆናለች። በሁለት ዓመት ተኩል ጠፋች፣ ነጯ ነጥብም እየቀለጠች ሄዳ አሁን በጭላንጭል ነው የምትታየው። የአውሮፓ የኢንዶዶንቲክስ፣ የሩት ካናል ሕክምና ማለት ነው፣ ማኅበር መመሪያም የሚለው ቢያንስ በዓመቱ ይታይ፣ ካልዳነ ደግሞ እስከ 4 ዓመት ይከታተል ነው፣ ስለዚ በስድስት ወር ራጅ ተደናግጣችሁ ጥርስ የምታስነቅሉ ሰዎች በናታችሁ ያቺን ጥላዬን አስታውሱ።

እንግዲህ ሙቀቱ ነው ያዳነው? እኔ እንደዛ ብዬ ነበር ለሰው ሁሉ የማወራው፣ በሙቀት ካልሆነ አታሠሩ እያልኩ እህቴን ሳይቀር አስጨንቄያት ነበር። ከዛ በ2007 የወጣውን፣ 10 ጥናቶችን አንድ ላይ የሰበሰበውን ትንተና አነበብኩ፣ በሙቀት የተሞላውንና በቀዝቃዛ የተሞላውን ያወዳደረ ነው። በሕመም ልዩነት የለም፣ በረጅም ጊዜ ውጤት ልዩነት የለም፣ በሙሌቱ ጥራትም ልዩነት አልተገኘም፣ የተለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሙቀት ሲሆን ከሥሩ ጫፍ ውጪ የመፍሰሱ ነገር ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የኔም ነጭ ነጥብ እሷ ናት። በሌላ በኩል የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ4 እስከ 6 ዓመት ተከታትለው ከመጀመሪያው ጥላ በነበራቸው ጥርሶች ላይ በሙቀት የታጨቀው የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል፣ ግን እዛም ቢሆን በሙቀት የተሞሉት ቦዮች የተጠረጉበት መንገድም የተለየ ነበር፣ ስለዚ ምስጋናው ለመጥረጉ ይሁን ለመሙላቱ መለየት ያስቸግራል። እኔ አሁን ስመዝነው የኔን ጥርስ ያዳነችው አራተኛዋን ቦይ መፈለጓና ያ ሁሉ እጥበት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሙቀቱ የተጠረገውን ቤት ዘጋው እንጂ አልጠረገውም።

ሦስተኛው ጥርስ ላይ ስደርስ አሁንም ሆዴ ይቃጠላል። ታች በግራ ያለው ትልቁ መንጋጋ፣ የዛሬ 4 ዓመት። ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ነው፣ ማስታወቂያቸው ላይ ባዮሴራሚክ ባዮሴራሚክ ይላል፣ አዲሱ ቴክኖሎጂ፣ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። እኔም ስለ መድፈኛ በቂ አውቃለሁ ብዬ አስቤ ስለነበር ባዮሴራሚክ የሚለውን ሳይ ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ገባሁ።

ስለ ዕቃው እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዕቃው ግሩም ነው። ባዮሴራሚክ ሲለር ካልሲየም ሲሊኬት ነው፣ ከሲሚንቶ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ ጥርሱ ውስጥ ባለችው እርጥበት ነው የሚደርቀው፣ ሲደርቅ እንደ ብዙዎቹ አይሸበሸብም፣ በሚደርቅበት ሰዓት አልካላይ ስለሆነ ለባክቴሪያ አይመችም፣ ወጣ ቢል እንኳን ሰውነት ብዙ አይቆጣውም። ስለዚ ሐኪሙ ሰባት ዘንግ ማጨቅ ወይም ማቅለጥ አያስፈልገውም፣ ሲለሩን በቀጭን ጫፍ ያስገባል፣ ልክ የሆነ አንድ ዘንግ ይከትበታል፣ አለቀ። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት 307 እንዲህ የተሠሩ ጥርሶችን አይቶ በአማካይ ከ30 ወር በኋላ 90.9 በመቶ ተሳክተዋል ብሏል፣ በብዙዎቹ ላይ ሲለሩ ከጫፍ ወጥቶ ነበር ግን ውጤቱን አልለወጠውም። ልብ በሉ ግን፣ 30 ወር ነው። ከቀዝቃዛው ዘዴ በስተጀርባ ያለውን የአሥርና የሃያ ዓመት ክትትል ያህል ይሄኛው ገና አልቆየም፣ ዕቃው ጥርስ ውስጥ የገባበት ጊዜ አጭር ስለሆነ።

ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው። ሁሉ ነገር ከ40 ደቂቃ አልፈጀም። ራበር ዳም አልነበረም፣ ጉንጬና ምላሴ ሥር ጥጥ ብቻ ነው የተደረገው፣ ጥጡ ሲርስ ምራቄ ወደ ጥርሱ ሲሄድ ራሴ ይሰማኝ ነበር፣ ዝም አልኩ፣ መናገር ነበረብኝ። እጥበቱ በመርፌ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ተደረገና ተዘጋ። የመጨረሻው ራጅ ግን እንዴት እንደሚያምር፣ ነጭ፣ ወጥ፣ ጫፍ ድረስ የደረሰ፣ ከሦስቱም ጥርሶቼ ራጅ የሚያምረው እሱ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ራሱ ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ አየሽ አይደል አለኝ። ከላይ ጊዜያዊ መክደኛ አደረገልኝ፣ ክራውኑን ሲመችሽ ትመጫለሽ አለኝ። ሲመችሽ። ሽማግሌው ዶክተር ከወር በላይ እንዳትቆዪ ያሉኝን እያወቅኩ አላመመኝምና አዘናጋኝ፣ ሥራ ምናምን እያልኩ ሰባት ወር ቆየሁ።

በሰባተኛው ወር ለስላሳ ነገር እያኘኩ ሳለ አንዱ ጥግ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጊዜያዊው መክደኛ ከዳሩ ተፈልቅቆ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፣ ምላሴን ሳደርግበት መጥፎ ጣዕም አለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድዴ ላይ ትንሽ ብጉር ወጣች፣ ስጫናት መግል ነው የሚወጣት። ራጅ ስነሳ ሥሩ ጫፍ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ጥላ። ወደዛው ክሊኒክ ስደውል የሩት ካናሉ ሥራ ፐርፌክት ነው ራጁ ይመሰክራል ችግሩ የጥርሱ ነው አሉኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለጥርሱ ብቻ አይደለም፣ የማውቀውን ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ ስላልኩትም ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። አሜሪካ ውስጥ በ2004 የታተመ አለ፣ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሩት ካናል የተሠራላቸውን ጥርሶች በኢንሹራንስ መዝገብ ተከታትለው ነው፣ ከ8 ዓመት በኋላ 97 በመቶዎቹ አፍ ውስጥ አሉ። የሚገርም ቁጥር ነው፣ ሩት ካናል መጨረሻው መነቀል ነው የሚሉ ሰዎች ይሄን ቢያዩት ጥሩ ነበር። የተነቀሉት ላይ ሲመለከቱ ግን 85 በመቶዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ክራውን አልነበራቸውም። በ1995 ደግሞ ሬይ እና ትሮፕ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከሺህ በላይ ራጅ አይተው የላይኛው ክዳን ጥራት ከውስጡ ሙሌት ጥራት ይበልጥ ከጤናማ አጥንት ጋር እንደሚገናኝ ጽፈዋል፣ በኋላ የመጡ ሰዎች ሁለቱም እኩል ያስፈልጋሉ ብለው አስተካክለውታል፣ ያም ሆኖ መልእክቱ ያው ነው። ለንደን ውስጥ ኤንግና ጉላቢቫላ በ2008 ዓለም ላይ ያለውን ጥናት ሰብስበው ውጤቱን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው አሉ፣ ከመጀመሪያው ጥላ አለመኖሩ፣ ሙሌቱ ውስጥ ባዶ ቦታ አለመኖሩ፣ ሙሌቱ ከሥሩ ጫፍ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ መድረሱ፣ እና ከላይ ጥሩ ክዳን መኖሩ። ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ላተራል፣ ዋርም፣ ነጠላ ዘንግ የሚል ስም አንድም ቦታ የለበትም።

ጥርሱን አስነቅይው ያለኝም ነበር፣ እኔ ግን ወደ ሁለተኛው ጥርሴ ሐኪም ተመለስኩ። እዚህ ላይ ስለ ባዮሴራሚክ ማስታወቂያዎቹ የማይነግሯችሁ ነገር አለ፣ ሲለሩ አንዴ ከደረቀ እንደ ድንጋይ ነው፣ ጋታ ፐርቻን በክሎሮፎርም ማለስለስ ይቻላል ሲለሩ ግን አይሟሟም። ዘንጉ አጭር ቀርቶ ጫፉ ላይ ሲለር ብቻ ቢሆን ኖሮ መንገዱን መልሼ ላላገኘው እችል ነበር አለችኝ፣ ደግነቱ ዘንጉ እስከ ታች ስለወረደ እሱን እየተከተለች በአልትራሳውንድ በሚንቀጠቀጥ ጫፍ እየፈለፈለች ገባች። ሁለት ረጃጅም ቀጠሮ ፈጀ። ያወጣችውን ዘንግ በጋዝ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፣ ሮዙ ቀለም ከላይኛው ጫፉ ጀምሮ እስከ መሀሉ ጠቁሯል፣ ሽታው ደግሞ ማስኬን አልፎ ይመጣል አለች። እይው ከላይ ነው የገባው አለችኝ። ያን ዘንግ አልረሳውም፣ የጠቆረው ከላይ ነው፣ የሥሩ ጫፍ ላይ የነበረው ክፍል ገና ሮዝ ነበር።

ከዛ ምን ብትሞላው ጥሩ ነው? በባዮሴራሚክና በአንድ ዘንግ። ገርሞኝ በሙቀት አታደርጊልኝም ስላት ለዚህ ቦይ ይሄ በቂ ነው፣ ጠባብና ክብ ነው፣ ሞላላና ሰፊ ቢሆን አስብበት ነበር አለችኝ። ያው ዕቃ፣ ያው ዘዴ፣ ያው ጥርስ፣ ግን ላስቲክ ተወጥሮ፣ አንድ ሰዓት ታጥቦ፣ በዛው ቀጠሮ ከላይ ቋሚ ሙሌት ተደርጎበት፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክራውን። ብጉሯ በሳምንት ጠፋች። አሁን ወደ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ጥላው ቀንሷል ግን አልጠፋም፣ የሾግረንን 62 በመቶ ስለማውቀው አፌን ሞልቼ ድኗል አልልም።

አዲስ ነገር ሲወጣ እየሮጣችሁ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። ሬዚሎን የሚባል በ2004 የወጣ መድፈኛ ነበር፣ ፕላስቲክ ነው፣ ከሲለሩና ከጥርሱ ጋር አንድ አካል ይሆናል ተብሎ ጋታ ፐርቻን ሊተካ ነው የተባለለት፣ ላብራቶሪ ውስጥም ጥሩ ጥሩ ውጤት አምጥቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ አፍ ውስጥ ያሉት ሲታዩ ግን ከጋታ ፐርቻው በግልጽ የከፋ ሆኖ ተገኘ፣ ፖሊመሩ ራሱ በባክቴሪያ ኢንዛይም የሚፈርስ ዓይነት ነበር፣ አሁን ገበያ ላይ የለም። ከሱ በፊትም የብር ዘንግ ነበር፣ ራጅ ላይ ቁልጭ ብሎ ያምራል፣ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ከጊዜ በኋላ ግን ውስጥ ዝጎ ተገኘ። ሁለቱም በመጀመሪያው ዓመት ሪቪው ቢጻፍላቸው አምስት ኮከብ ነበር የሚያገኙት።

ስለዚ ኮከብ ካስፈለገ፣ ቀዝቃዛው ላተራል ከኔ አምስት ከአምስት ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ አገጭ ያደክማል፣ ግን 12 ዓመት ቆሞልኛል፣ ሐኪማችሁ የለመደው እሱን ከሆነ ኋላቀር ነው ብላችሁ አትሽሹ። በሙቀት ለሚሞላው አራት ተኩል፣ ውስብስብ ቦይ ላይ ግሩም ነው፣ ግማሿን የቀነስኩት ለዛች ነጭ ነጥብና ለአምስቱ ቀን ነው። ባዮሴራሚክና ነጠላ ዘንግ ዕቃው አራት፣ ቀሪዋን ጊዜ ይስጣት፣ ለመጀመሪያው ጊዜ የተሠራበት አሠራር ግን አንድም አልሰጠውም። እኔ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ምን ዓይነት መድፈኛ ትጠቀማላችሁ ብላችሁ አትጀምሩ ነው የምለው፣ ላስቲክ ትወጥራላችሁ ወይ፣ ስንት ደቂቃ ታጥባላችሁ፣ ከላይ ቋሚውን መቼ ትከድኑልኛላችሁ፣ በዓመቱ ራጅ ታነሱኛላችሁ ወይ በሉ፣ ከዛ በኋላ ስለ መድፈኛው ጠይቁ። ራጃችሁንም ኮፒ ውሰዱ፣ የመጀመሪያው ቀን ራጅ ከሌላችሁ በዓመቱ ጥላው ቀነሰ ጨመረ የሚለውን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራችሁ አይችልም።

የሦስተኛው ጥርሴ፣ እንደገና ከተሠራበት ጊዜ ሲቆጠር፣ የአራተኛ ዓመት ራጅ የሚነሳው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ባለፈው ጊዜ ሐኪሟ ጥላውን በማስመሪያው ስክሪኑ ላይ ለካችው፣ ከአምስት ሚሊ ሜትር ተነስቶ ሁለት ደርሷል።